እግር ልናሳይ ሄደን ሆድ ታየ

ይሄን ሳልነግራችሁ ብቀር ያንገበግበኛል። የልጄ የዘሃራ ግራ እግር እንደ ዱባ ቢያብጥ ከሳጉሬ ይዣት አሰላ ሐኪም ቤት ሄድኩ። በዕድሜ የልጅ ልጄ የሚሆን ዶክተር እግሯን ዳሰስ አደረገና "ሆድሽን ግለጪ" አላት።

"ያበጠው እግሯ ነው! ሆዷ ምን አደረገህ?" ብዬ ጮኽኩበት።

"እማማ፣ ይረጋጉ" ብሎኝ የሆድ ውስጥ የሚያሳየውን መሣሪያ ከእምብርቷ በታች ያንሸራትታል። ወላሂ ደሜ ፈላ! ለካ ከእግሯ ደም የሚመልሰው ሥር ዳሌዋ ውስጥ በሌላ ደም ሥር ተጨፍልቆ፣ ደሙ እግሯ ውስጥ ረግቶ ኖሯል። "አዲስ አበባ ሄዳ በቀጭን ቱቦ ይከፈትላታል" አለ። ከዚያ እግሯ ላይ ያለውን ቅቤ አይቶ ተቆጣ።

"ይሄን እግር ማነው ያሸው? የረጋው ደም ተነቅሎ ሳንባዋ ቢገባ ትሞት ነበር!"

ሳምንቱን ሙሉ ጠዋት ማታ ያሸሁት እኔ ነኛ! አርባ ዓመት ሙሉ ወጌሻ ነኝ፤ ሳጉሬ የማያውቀኝ የለም። "እኔ ነኝ" ልለው አፌን ስከፍት ዘሃራ ቀደመችኝ።

"አንዲት የሮቤ ወጌሻ ናት ዶክተር፤ ሞታለች።"

በቁሜ ቀበረችኝ! ዶክተሩ ወደ እኔ ዞሮ፣ "ነፍሷን ይማር፣ እማማ" አለኝ።

"አሚን" አልኩ፤ ምን ላድርግ?