ያመለጠችው አጋዘን

አውሮራ ከተማ፣ ቻምበርስ ሮድ ላይ ካለው የአደን ዕቃ መደብር የገቡት ሽማግሌ የመጋዘን ሥራ ሰደርያቸውን አላወለቁም። ሻጯ ሶሲ ከመደርደሪያ ያወረደችላቸውን ርካሽ፣ በእጅ የሚቀባበል ቦልት አክሽን ጠመንጃ አፈሙዙን ወደ መሬት አድርገው ያዙና ማቀባበያውን በጥንቃቄ ሳቡት፤ የተኛ ሰው እንዳይቀሰቅሱ የፈሩ ይመስላሉ።

«ዋጋውስ ደህና ነው። አይስትም?»

«አይስትም፣ አባባ። የአምናው ጠመንጃ ምን ሆነ?»

«አጋዘን አቆሰልኩበት፤ ሆዷን። በረዶው ላይ ደሟን ተከትዬ ሁለት ቀን ፈለግኳት። ጠመንጃው ምንም አላጠፋም፤ እጄ ነው።» ቀኝ እጃቸውን ኪሳቸው ውስጥ ከተቱት።

የሶሲ ፊት ጋለ። ያንን ጠመንጃ የሸጠችላቸው እሷው ነበረች። ያን ቀን የደንበኞች ሰልፍ ረዝሞባት፣ የጠመንጃውን ማነጣጠሪያ መነጽር ገጥማ ስትሰጣቸው ከአደን በፊት ዒላማ ላይ ተኩሰው እንዲያስተካክሉት ሳትነግራቸው ነው የሸኘቻቸው። አሁንም ዝም ብትል ማንም አያውቅባትም።

«አባባ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው» አለችና ሁሉንም ነገረቻቸው።

እስክትጨርስ አዳመጧት።

«አይደለም፣ ልጄ» አሉ በመጨረሻ። «አጋዘኗ በጣም ርቃ ነበር የቆመችው። አስተካክዬ እንደማልመታት እያወቅኩ ነው የተኮስኩት። ለባለቤቴ እንኳ አልነገርኳትም።»

መግዛቱን ትተው ጠመንጃውን በሁለት እጃቸው አስተኝተው መለሱላት።