የጎለበተችው ምንጭ

ባለፈው ቅዳሜ አዳማ ውስጥ አንዲት የውሃ ተርብ ሊታጠብ የቆመ ጥቁር መኪና ኮፈን ላይ ጭራዋን ጠቅ እያደረገች ስትነሳና ስትወርድ አየሁ። ሲያብረቀርቅ ውሃ መስሏት እንቁላሏን እየጣለች ነበር። አጣቢው በእርጥብ ጨርቅ አባረራት፤ ተመልሳ መጣች። ከጋለው ብረት የተነሳው የእርጥበት ሽታ ወደ ልጅነቴ መለሰኝ፤ ደራ ወዳለው አክስቴ ቤት።

ከአክስቴ ግቢ በታች ከድንጋይ ሥር የምትፈልቅ ምንጭ ነበረች፤ ቀጭን ጅረት ሆና በቄጠማው መሀል ትወርዳለች። የአክስቴ ልጅ፣ እኩያዬ ናት፣ በደረቷ ተኝታ ጭቃው ውስጥ የሚኖሩትን አስቀያሚ ትሎች ታሳየኝ ነበር። አንድ ጠዋት አንዱ ቄጠማ ላይ ወጥቶ ድርቅ አለ።

«ሞተ» አልኳት።

«አፍህን ዘግተህ እይ!»

ጀርባው ተሰነጠቀ። ከውስጡ ክንፏ የተጨማደደ የውሃ ተርብ እየተንቀጠቀጠች ወጣች፤ ባዶ ቅርፊቷ ቄጠማውን እንዳቀፈ ቀረ።

በዚያው ሳምንት ግንበኞች ምንጯን ሊያጎለብቱ መጡ። ቃሉን ያወጣው ሰው ቀልደኛ ሳይሆን አይቀርም። ማጎልበት ማለት የምንጯን ዓይን በሲሚንቶ ደፍኖ ውሃዋን ወደ ቧንቧ ማስገባት ነው፤ የጎለበተች ምንጭ አንድ ክንድ እንኳ በራሷ አትሄድም።

«ጋሼ፣ ትንሽ ይቆዩ፤ የቀሩት ትሎች ክንፍ ሊያወጡ ነው» ብላ የአክስቴ ልጅ አንዱን ግንበኛ ለመነችው።

«እነሱ ክንፍ እስኪያወጡ ሲሚንቶዬ ድንጋይ ይሆናል፣ የኔ እመቤት» ብሎ ሳቀ።

አክስቴ ጀሪካኗን ከጀርባዋ አወረደች። «የኔም ጀርባ ስንት ዓመት ተሰነጠቀ፤ ክንፍ ግን አላበቀለም» አለች።

ለጅረት የሚያለቅሱ ብዙዎች ጀሪካን አዝለው አያውቁም። አክስቴ ልክ ነበረች። የሚረገም ሰው ቢኖር ኖሮ እንዴት በቀለለን!

ጅረቷ ወደ ኩሬነት፣ ኩሬዎቹም ወደ ጭቃ ተለወጡ። ልጅቷ ትሎቹን በጣሳ እየቀዳች ውሃ ወዳለበት ታሻግራለች፤ ውሃ ያለበት ቦታ እስኪያልቅ ድረስ።

ከዚያ፣ ቀድመው የበረሩት ተርቦች እንቁላል ሊጥሉ ተመለሱ። አዲሱን እርጥብ ሲሚንቶ በጭራቸው ይነካካሉ። እሷ ከቧንቧው ውሃ በሁለት መዳፏ ቀድታ ዘረጋች። አንዷ መጥታ ጭራዋን መዳፏ ውስጥ ጠቅ፣ ጠቅ አደረገች።

ልጅቷ ሳትተነፍስ ቀና ብላ አየችኝ።

«አሁን እንቁላሎቹን የት ልውሰዳቸው?»

ውሃው በጣቶቿ መሀል ይንጠባጠብ ነበር።