ለአንዲት ቃል የተሠራች ማብሪያ

የአንድ ሰው ዕድሜ ተጨምቆ ተጨምቆ ምን ይወጣዋል? ቤት የሚል አለ፤ ልጅ የሚል አለ። ባልደረቦቿ «ቆይ ቆይ» እያሉ የሚጠሯት የፕሮግራም ሠሪ ዕድሜ ቢጨመቅ ግን የሚወጣው ከአንዲት ቃል አናት ላይ የምትጻፍ አጭር ምልክት ናት። ቀላል ነገር ትመስላለች። አይደለችም።

መሥሪያ ቤቷ አምቡላንስ ማሰማሪያ ፕሮግራም ይሠራል። አንዱ ፕሮግራም ከስልክ ተቀባዮቹ ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ሌላው ከመኪናው ውስጥ። ምን መባባል እንደሚችሉ «ውል» በሚባል የጋራ ጽሑፍ ሰፍሮላቸዋል። መኪናው ያለበት ሁኔታ በተራ ተዘርዝሯል፦ በመንገድ ላይ፣ ታካሚ የጫነ፣ በጥገና ላይ፣ ነፃ። አሁን ከመሃል፣ ከሁለተኛው ቀጥሎ፣ አዲስ ቃል ገባ፤ «በሆስፒታል በር ላይ ወረፋ የሚጠብቅ»። ሥራው ግን ገና አላለቀም። ያላለቀ ሥራ እስኪያልቅ የሚጠፋበት ማብሪያ አለው፤ ያ ማብሪያ ግን የሚገጠመው ለአንድ ሙሉ አገልግሎት እንጂ ለአንዲት ቃል አልነበረም። ቆይ ቆይ ግን ለቃሏም ማብሪያ ይሠራላት አለች።

«ለአንዲት ቃል ማብሪያ?» አለ ኃላፊው። «ልጄ፣ ለአንድ ጥፍር ጓንት ልታሰፊ ነው እንዴ!»

ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። ኃላፊው ቀጠለ፦

«ቃሏን ከጠረጴዛው በኩል እንሰርዛታለን፤ ሲያልቅ እንመልሳታለን። በቃ።»

«ይቆዩ እንጂ!» አለች። «ከመኪኖቹ ያለው አልተሰረዘም። ፕሮግራሞቹ የሚላላኩት ደግሞ ተራ ቁጥሩን ነው። ከመሃል አንዷ ስትነሳ የታችኞቹ ይንሸራተታሉ፤ አንዱ ቁጥር እዚያና እዚህ የተለያየ ቃል ይሆናል።»

«እስከ ሙከራው ቀን አድርሺ። ካልደረሰልሽ ለከተማው አምቡላንሶች የሚሰጠው የኔው ነው።»

ከዚያ በኋላ እንቅልፍ ራቃት። የምትፈራው መሸነፍን አልነበረም፤ በማትመጣ መኪና ተስፋ አድርጎ የሚጠብቅ በሽተኛን እንጂ። አንድ ማታ ቤት ውስጥ ስትሠራ እናቷ የራቱን ሳህን ገፋ አደረጉላት።

«ይበርዳል፣ ብዪ። ምንድን ነው እሱ?»

«ለቃል በር እየሠራሁ ነው፣ እማዬ። በሩ ሲዘጋ ቃሏ አትገባም።»

«አክስትሽ አፍ ላይ አይገጠምም?»

እየሳቀች ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ለነገሩ ሰውም ያልበሰለ ቃሉን የሚያጠፋበት ማብሪያ ቢኖረው ስንት ጠብ በቀረ! የእሷ ዘዴ ይህ ነበር፦ ከቃሏ አናት ላይ ማብሪያዋን የሚጠራ አጭር ምልክት ይጻፋል፤ ማብሪያው ሲጠፋ የቃሏ ወንበር እንደተያዘ ይቆያል፤ ቃሏ ግን አትገባም። ስለዚህ ማንም ከቦታው አይንሸራተትም።

በሙከራው ቀን አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ፤ ሐኪሞችም መጡ። መጀመሪያ የኃላፊው ተሞከረ። አንዲት አምቡላንስ በአረንጓዴ «ነፃ» ብላ ብቅ አለች። ስልክ ተቀባይዋ መኪናዋ ወዳለችበት ደወለች።

«እናንተ ጋ ያለችው ትነሳ!»

«በምኗ ትነሳ?» አለ መካኒኩ ከወዲያ። «ጎማዋን ፈትቼዋለሁ እኮ!»

ሳቅ የለም። የሐኪሞቹ አለቃ ፊታቸው ጠቆረ።

ተራው የእሷ ሆነ። ማብሪያው እንደጠፋ ያቺው መኪና «በጥገና ላይ» ተባለች። ያላለቀችው ቃል ሆን ተብሎ ተላከች፤ ከደጅ ተመለሰች። ማብሪያው በራ፤ ቃሏ ሰተት ብላ ገብታ ከወንበሯ ተቀመጠች። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ኃላፊው ራሱ ብድግ አለ።

«ነይ፣ የኔን ቦታ ያዢ። አሸንፈሽናል!»

ከዚያ ወዲህ አምቡላንሶቹ ለአፍታ እንኳ ሳይቆሙ አዳዲስ ቃላት ተማሩ። ሌሎች መሥሪያ ቤቶችም ምልክቷን ወሰዷት። ዛሬ ያለ እሷ ውል የሚጽፍ የለም።

የዚያን ዕለት፣ ጭብጨባው ጋብ ሲል፣ አንድ ነገር ለምና ነበር።

«ሥራው ያለቀ ማብሪያ ይነቀልልኝ። አለበለዚያ ነገ በማብሪያ ጫካ ውስጥ ትጠፋላችሁ።»

ሁሉም እሺ አሏት። አንድ እንኳ የነቀለ የለም።