ተማሪዬ ለቻትቦቱ የነገረችብኝ ጉድ

የዛሬ ሦስት ሳምንት ሐሙስ ረፋድ ላይ... ከተማሪዬ ጀርባ ቆሜ የራሴን ጉድ ከራሴ ስልክ ላይ አነበብኩላችሁ።

መርሳ ውስጥ ቴክኒክና ሙያ ነው የማስተምረው፣ ኤሌክትሪክ። አሥራ አራት ዓመት ሆነኝ። ጉራም ትንሽ አለብኝ፣ የሚያውቀኝ ሁሉ ይመሰክራል።

ልጅቷን ሰዓዳ እንበላት። እዚሁ አጠገባችን ካለችው ግራና የመጣች የገበሬ ልጅ ናት፣ አምና ነው ያስመረቅኳት። እጇ ወርቅ ነው። አፏ ግን... ስለ ራስሽ ተናገሪ ካሏት አለቀላት! አምና ወልዲያ ለሥራ ተወዳድራ የጽሑፉን ፈተና አንደኛ ወጣች። ቃለ መጠይቁ ላይ «ምን ምን ትችያለሽ?» ሲሏት አንገቷን ደፍታ «እሱን እንኳ ሰው ይናገርልኝ» ብላ ወጣች። እኛ ዘንድ ራሱን የሚያሞግስ ሰው ይናቃል፣ እሷም እንደዚያ ተብላ ነው ያደገችው። ጠያቂዎቹ ግን አትችልም ብለው ጣሏት።

ዘንድሮ ሌላ መሥሪያ ቤት ጠራት፣ ቃለ መጠይቁ ለሰኞ። ይሄ ካለፈኝ ዐረብ አገር ነኝ ብላ ፓስፖርቷን አውጥታ ነበር። ያቺ እጅ የሰው ቤት ወለል ልታጥብ!

እናም ስልኬ ላይ ያለውን ቻትቦት ጠያቂ አደረግኩላት። መልስ እንዳትሰጣት፣ ጠይቃት ብቻ፣ ስትጨርስ ደግሞ የተናገረችውን መለስ ብላ እንድታየው አድርግ ብዬ አዘዝኩት። ሰው ሰውን ያፍራል፣ ስልክን ግን ማን ያፍራል? ስሌቴ እሱ ነበር።

ሰዓዳ ስልኩንም አፈረችው። ከባድ ችግር ገጥሞሽ የፈታሽው ምንድነው ሲላት «እኛ ተባብረን ነው የምንሠራው» ብላ ትጽፍለታለች። እናንተ ተባብራችሁ ስትሠሩ ያንቺ ድርሻ የቱ ነበር ይላታል። እሷ ደግሞ ጓደኞቿን ታመሰግንለታለች። እኔ ብሆን ድሮ ጮኼባት ነበር፣ እሱ ግን አይሰለቸውም። በመጨረሻ እንዲህ አላት... «እስካሁን ስትነግሪኝ ሆን ብለሽ ያስቀረሽው ነገር አለ?»

ከዚያ መጻፍ ጀመረች... ጻፈች፣ ጻፈች። ምን ተገኘ ብዬ ቀስ ብዬ ከኋላዋ ሄድኩ።

ስለ ግቢያችን የውኃ ፓምፕ ነው የምትጽፈው። ካቻምና እኔው ራሴ የገጠምኩት ፓምፕ። ሲገጠም ሞተሩ እየዞረ ውኃው ጠብ ጠብ ብቻ ይል ነበር። ቱቦውን ፈታሁ፣ ጠረግኩ፣ መልሼ አሰርኩ... ያው ነው። ተበሳጭቼ ምሳ ሄድኩ። ስመለስና ሳስነሳው ውኃው ተንዠቀዠቀ! በቱቦው መጠረግ ነው ብዬ ደመደምኩ። ሻይ ክበብ ውስጥ ያንን ፓምፕ ያላወራሁለት መምህር የለም። የዘንድሮ ተማሪዎችን እንኳ «ትዕግሥት ይኑራችሁ» እያልኩ በእሱ መክሬያቸዋለሁ።

ሰዓዳ የጻፈችው ግን እንዲህ ይላል... «ሞተሩ ወደ ኋላ ነበር የሚዞረው። ቲቸር ሽቦውን አዛብተው አስረውት ነው። ምሳ ሲሄዱ መብራቱን አጥፍቼ፣ አዟዟሩ እንዲስተካከል ከሦስቱ ሽቦ ሁለቱን አቀያየርኳቸው። ደስ ብሏቸው ሲያወሩ ስሰማ ለማንም አልተናገርኩም።»

ሁለት ሽቦ! እኔው ነኝ እኮ ያስተማርኳት። አይ እንዲህ አልነበረም ልላት አፌን ሁሉ ከፍቼ ነበር። ዞር ስትል አየችኝና ስልኩን በሻሿ ጫፍ ሸፈነችው።

መካዱን ትቼ ሰኞ የምትነግሪያቸው ይሄንን ነው አልኳት።

«ወላሂ አላደርገውም ቲቸር። ያስተማረኝን ሰው አሳፍሬ የማገኘው ሥራ በረካ የለውም።»

«እኔ የማፍረው አንቺ ዐረብ አገር ስትሄጂ ነው።»

ቻትቦቱም ሳያውቅ አገዘኝ... የመምህርሽን ክብር ሳትነኪ እውነቱን እንዴት ትናገሪዋለሽ ብሎ ጽፎላት ነበር። ያን ቀን አምስት ጊዜ ሞከረችው። በስድስተኛው ስልኩን አስቀምጣ ዓይን ዓይኔን እያየች ለእኔው ነገረችኝ። አንድም ቦታ «እኛ» አላለችም። እንባዬ መጣ... አልዋሽም።

ሰኞ ወልዲያ ሄደች። ማክሰኞ የአስር ሰዓት ሻይ ላይ ከመምህራኑ ጋር ተቀምጬ ሳለ የማላውቀው ቁጥር ደወለልኝ። ከጠያቂዎቹ አንዱ ናቸው፣ ቁጥሬን እሷ ሰጥታቸው። ጩኸት ስለነበር ድምፁን ከፍ አድርጌው ነበርና ጠረጴዛው ሁሉ ይሰማል።

«አንዲት ልጅ ስለ ፓምፕ የነገረችን ነገር አለ። መምህሬ ባስተማሩኝ ነው ያስተካከልኩት ብላለች። ግን እውነት ነው ወይስ ለፈተናው ያዘጋጀችው ነው?»

መምህራኑ ሻያቸውን አስቀመጡ። የፓምፔን ጀብዱ ስንቴ የሰሙ ሰዎች ናቸው፣ ሁሉም እኔን ያያሉ። በአንዲት ቃል ባመነታ ልጅቷ ውሸታም ልትሆን ነው።

«እውነት ነው። እኔ አበላሸሁት፣ እሷ ሠራችው» አልኳቸው፣ ጮክ ብዬ።

ዓርብ ዕለት ተቀጥራለች ተባለ። ባልደረቦቼ እስከ ዛሬ ይስቁብኛል። ይሳቁ... የበለጠችኝ እኮ እኔ ያስተማርኳት ናት።