ለአንድ ጆሮ ወይስ ለሁለት

የልጆቼ አባት ለመሥሪያ ቤት ጉዳይ ወደ ጋምቤላ ወርደው ወባ ይዟቸው ተመለሱ። ሦስት ሳምንት ተኙ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ተነሡ። ግራ ጆሯቸው ግን አብሯቸው አልተነሣም። ቀኙም ቢሆን እንደ ድሮው አልነበረም። አንዱ ትኩሳቱ ነው አለኝ፤ ሌላው መድኃኒቱ ነው አለኝ። የቱ እንደሆነ እስከ ዛሬ አላወቅሁም።

ያን ጊዜ፣ በንጉሡ ዘመን፣ መቱ ውስጥ ራዲዮ ያለው ቤት ጥቂት ነበር። የእኛ በባትሪ ድንጋይ የምትሠራ ትንሽ ትራንዚስተር ነበረች። እሳቸው ወሬ አይሰሙባትም። የሚወዱት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አዲስ አበባ ሲማሩ ፈረንጅ አስተማሪያቸው ያስለመዷቸውን ሙዚቃ። ዘፋኝ የለው፣ ጭብጨባ የለው። «ክላሲካል ይባላል» ይሉኝ ነበር። ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ከሩቅ ጣቢያ ይመጣል። መጀመሪያ ያሰሙኝ ቀን የሚያለቅስ መሰለኝ፤ ቀጥሎ የሚጣላ መሰለኝ፤ ሲያልቅ ማን እንደሞተ ልጠይቅ ምንም አልቀረኝ።

ከሕመሙ በኋላ ራዲዮዋን ከፍ አድርገው መክፈት ጀመሩ። ከፍ ካላደረጓት አይሰማቸውም። ሁዳዴ በገባ በሁለተኛው ሳምንት ጎረቤቴ በአጥሩ ላይ አንገቷን አስግጋ ጠራችኝ።

«አንቺ፣ በጾም የምትድሪው ልጅ አለሽ እንዴ?»

«ምን ሠርግ አየሽ?»

«አላየሁም፤ ሰማሁ እንጂ። ሰፈሩ ሁሉ ሰማ።»

ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። ቤት ገብቼ ለባለቤቴ ነገርኳቸው። ራዲዮዋን ዘጉ። በነጋታውም አልከፈቱም፤ በሳልስቱም። ከራዲዮዋ ጋር እሳቸውም ተዘጉ። ከቢሮ ይመጣሉ፣ መዳፋቸውን ግራ ጆሯቸው ላይ አድርገው ይቀመጣሉ። ብጠራቸው አይሰሙም፤ ቢሰሙም አይመልሱም። ቤቴ ውስጥ ቁጭ ብለው ከቤቴ ሲሄዱ አየሁ። እንዲህ እንደሄዱ እንዳይቀሩ ፈራሁ።

የነፍስ አባታችን ዘንድ ሄድኩ።

«አባቴ፣ ቃል የሌለው ዘፈን በጾም ይሰማል?»

«ማን ነው የሚዘፍነው?»

«ማንም አይዘፍንም። መሣሪያ ብቻ ነው።»

«ማንም ካልዘፈነ ዘፈን ያልሽው ምኑን ነው?»

«ታዲያ ዜማ ነው?»

«ዜማማ ለእግዚአብሔር ነው» አሉ። «ዘፈንም አይደል፣ ዜማም አይደል። ልጄ፣ ግራ አጋባሽኝ። ባለቤትሽ ታሞ የተነሣ ነው። ለጎረቤት መሰናክል አይሁን እንጂ ለብቻው ቢሰማ ምን እልሻለሁ?»

«ለብቻው» የምትለዋን ቃል ይዤ ወጣሁ። ስልክ ቤት የምትሠራው ሴት ጆሮዋ ላይ የምታደርገውን ነገር አይቻለሁ። ለራዲዮም የሚሆን እንዳለ ባለቤቴ አንድ ጊዜ ነግረውኛል። ገበያው ዳር ሱቅ ያላቸው ሐጂ፣ ከዳሪሙ ገጠር ቡና እየተቀበሉ ጅማ ይመላለሱ ነበር፤ ሲመለሱ ሰው ያዘዛቸውን ዕቃ ያመጣሉ።

«ሐጂ፣ ለባለቤቴ የጆሮ ማዳመጫ ያምጡልኝ።»

«ለታመሙት?»

«አዎ፣ ለእሳቸው።»

«ኢንሻላህ።»

በጋዜጣ ተጠቅልሎ መጣልኝ። ከፍቼ አየሁት። ጆሮ ውስጥ የሚገቡ ሁለት ጫፎች አሉት፣ ጥቁር የጎማ ቱቦ አለው። አመስግኜ እየተጣደፍኩ ወደ ቤት ወሰድኩት። ባለቤቴ ዕቃውን አዩት፤ ቀጥለው እኔን አዩኝ።

«ይህ እኮ የሐኪም ነው። የልብ ማዳመጫ።»

«ጆሮ ላይ አይደለም እንዴ የሚደረገው?»

«ጆሮ ላይ ነው።»

«ታዲያ?»

ሁለቱን ጫፎች ጆሯቸው ውስጥ ከተቱ፣ ክቡን ብረት ራዲዮዋ ላይ ለጠፉ፣ ፊታቸውን እንደ ሐኪም ኮስተር አደረጉ። «ትተነፍሳለች። ድንጋይዋ ግን ደክሟል» አሉ። ከስንት ቀን በኋላ ሳቁ። ለዚያች ሳቅ ስል ዕቃውን መመለስ ቅር አለኝ።

ሐጂ ግን ጥፋቱን አልተቀበሉም። «እትዬ፣ ማዳመጫ አሉኝ፤ ለታመመ ሰው ነው አሉኝ። መድኃኒት ቤት ካልሄድኩ የት ልሂድ?» አሉ። ዕቃውን የጤና ጣቢያው ድሬሰር ደስ ብሎት ወሰደው።

በሚቀጥለው መንገዳቸው ሁለት ዓይነት ይዘው መጡና ባንኮኒው ላይ ዘረጉልኝ።

«ይህ ትልቁ ለሁለት ጆሮ ነው፤ እንደ አውሮፕላን ነጂ። ይህ ትንሹ ለአንድ ጆሮ። አንዱም ለጉራ ነው፣ ሌላውም ለጉራ።»

በኦሮምኛ ጆሮ ማለት ጉራ ነው። የትኛውን ጉራ በየትኛው ቋንቋ እንዳሉት ሳይነግሩኝ ይስቃሉ።

«ለክላሲካል የሚሻለው የቱ ነው?» አልኳቸው።

«ለማን?»

«ለክላሲካል።»

«እሱ ደግሞ የየት አገር ሰው ነው?»

ምን ብዬ ላስረዳ? ራሴ ልሞክረው አልኩ። ትልቁን በሱቁ ራዲዮ ላይ ሰክተው በነጠላዬ ላይ ደፉልኝ። ድምፁ ከውጭ የመጣ አልመሰለኝም፤ ከራሴ ውስጥ የተነሣ መሰለኝ። ለሙዚቃ ይህ እንደሚበልጥ እኔም አላጣሁትም። ቀና ስል ሐጂ አፋቸውን ያንቀሳቅሳሉ፤ ቃላቸው ግን አይሰማኝም። ከኋላዬ አንዲት ገበያተኛ ትከሻዬን ስትነካኝ ደንግጬ ዘለልኩ። ለካስ እየጠራችኝ ነበር።

ትንሹን በአንድ ጆሮዬ አስገባሁ። ጣሳ ውስጥ እንደ ገባች ትንኝ ነው የሚጮኸው። በሌላው ጆሮዬ ግን የሐጂን ሳል፣ ቆርቆሮው ላይ የሚወርደውን ዝናብ፣ መንገዱን ሁሉ እሰማለሁ።

ትልቁን አነሣሁ። አስቀመጥኩት። ትንሹን አነሣሁ። እሱንም አስቀመጥኩት። ለሙዚቃቸው ትልቁ ነው፤ ለቤቴ ትንሹ። አንድ ጆሮ እንኳ ቢተርፍልኝ ስጠራቸው ይሰሙኛል ብዬ አሰብኩ።

«እትዬ፣ በግ አይደለም እኮ፣ ጥርሱን አያዩ» አሉኝ ሐጂ።

እመቤቴን ጠርቼ ትንሹን ወሰድኩ። እስከ ቤት ድረስ የሰውን ነገር ደብቄ እንደያዝኩ ነበር የሄድኩት።

በአሥራ አንድ ሰዓት ባለቤቴ ራዲዮዋን ከፈቱ፣ ሽቦውን ሰኩ፣ ትንሿን ነገር ቀኝ ጆሯቸው ውስጥ ከተቱ። እርግጥ ነው፣ የሚሰማው ቀኙ ነው። እንዴት እንዳላሰብኩት አላውቅም። ለእኔ የተረፈኝ የማይሰማው ጆሮ ነበር።

«ጋሼ» አልኳቸው። ሁልጊዜ እንዲያ ነው የምጠራቸው። ዓይናቸውን ጨፍነዋል። «ጋሼ!» ዝም። ሦስተኛ ጊዜ ቀርቤ ስቆም ጥላዬን አይተው ነቀሉት።

«ምን ሆንሽ?»

«ሌላ ነበር። ትልቅ፣ ለሁለት ጆሮ የሚሆን። እሱ ይሻል ነበር። እኔ ነኝ የተውኩት።»

«ለምን ተውሽው?»

«ስጠራዎት እንዲሰሙኝ።»

ሽቦውን በጣታቸው ላይ ጠቀለሉት። አዝነው ይሁን ተቆጥተው፣ ከፊታቸው ማንበብ አቃተኝ።

በነጋታው በዚያው ሰዓት ምድጃው ላይ ሽሮ ጥጄ ወደ እሳቸው ወጣሁ። ሽቦው በግራ በኩል ወርዷል። የተሳሳቱ መሰለኝ።

«በታመመው ከተቱት» አልኩ በቀስታ፣ ለራሴ እንደምናገር።

«አውቃለሁ» አሉ።

ሰምተውኛል።

«በዚያኛው ይሰማል እንዴ?»

«መጨረሻ ድረስ ከፍ ሳደርገው ወፍራሙ ድምፅ ይሰማኛል። ቀጭኑን ድሮ ስለማውቀው እኔ እሞላበታለሁ።»

ሙዚቃውን ከእሳቸው የወሰድኩባቸው እኔ ልሁን ወይስ እሳቸው የሰጡኝ ይሁኑ ግራ ገብቶኝ ቆምኩ። ምን ተብሎ እንደሚመሰገን አላውቅም ነበር።

«ሽሮሽ ገንፍሏል፤ ከዚህ ይሰማኛል። ሂጂ» አሉኝ።

ሄጄ አማሰልኩ። ተመስገን አልኩ፤ ድምፄን ዝቅ አድርጌ። እሱንም ሰምተው ኖሮ «አሜን» አሉ ከወዲያ።