ካልጠፋ ቀን የታደሰ ኮምፒውተር

ቲያትር ቤቱ ውስጥ ሁሉም «እትዬ» ነው የሚሏት። በሥራ ቀን ልጆችን ሙዚቃ ታስተምራለች፤ ቅዳሜና እሁድ ከሰዓት ደግሞ ለሙዚቃዊ ተውኔት ኪቦርድ ትጫወታለች። ኪቦርዱ የራሱ ድምፅ የለውም። ቫዮሊኑም፣ ዋሽንቱም፣ የዝናቡ ድምፅም የሚመጣው ከላፕቶፗ ነው፤ ከላፕቶፑ ወደ ድምፅ ማጉያው የምታሻግረው ደግሞ አንዲት ትንሽ የብረት ሳጥን ናት። ኮምፒውተሩ «አሁን ልታደስ?» ብሎ በጠየቃት ቁጥር እትዬ «ቆይ» የሚለውን ትጫናለች። ተውኔቱ ታይቶ እስኪያበቃ ምንም አትነካም።

አንድ እሁድ ታላቅ ወንድሟ ምሳ ሊበላ መጣ። ቢሮ ውስጥ ኮምፒውተር የሚጠግን፣ እጁ አርፎ የማይቀመጥ ሰው ነው። እሷ ሳህን ስታጥብ እሱ ላፕቶፑን ከፈተ።

«እህት ዓለም፣ ይሄ ማሽን ስንት ወር ሙሉ ሲለምንሽ ዝም አልሽው? አደስኩልሽ! አሁን ሙሽራ መስሏል።»

ሳህኑ ከእጇ ሊያመልጥ ነበር። «ጋሼ! ካልጠፋ ቀን ዛሬ?»

«ለደህንነቱ እኮ ነው። ምን ይሆናል ብለሽ ነው?»

ሳጥኗ ቲያትር ቤት ስለነበረች እቤት መሞከር አልተቻለም። ተያይዘው ሄዱ። ትርኢቱ ሊጀመር አርባ ደቂቃ ሲቀረው ገመዱን ሰካች። ላፕቶፑ ሳጥኗን ጭራሽ አላውቃትም አለ። ነቅላ ሰካች፤ አጥፍታ አበራች፤ ወይ ፍንክች። ያለ ሳጥኗ ሲሞከር ደግሞ ድምፁ ጣቷን ተከትሎ እየተጎተተ ይመጣል።

ወንድሟ ላቡ በግንባሩ ይወርዳል። «ወደ ድሮው ልመልሰው?»

«ስንት ሰዓት ይፈጃል?»

«ሦስት… አራትም ሊሆን ይችላል።»

እትዬ ላፕቶፑን ከደነችው። የተውኔቱ አዘጋጅ ፊቱ አመድ መስሎ ሮጦ መጣ። «እንሰርዘው እንዴ? ሰው እኮ በሩ ላይ ተሰልፏል!»

«ምን ሲደረግ ይሰረዛል! ቢሮህ ውስጥ ወረቀት የምትከምርበትን ፒያኖ አስመጣልኝ።»

«እሱ እኮ ከተቃኘ አሥር ዓመቱ ነው!»

«እኔም ከተወለድኩ ሃምሳ ሁለት ዓመቴ ነው፤ ይኸው እጫወታለሁ።»

አራት ሰዎች እየገፉ አመጡት። ከዳር እስከ ዳር ነካካችው። ሁለት ቁልፎች ድዳ ናቸው፤ የቀሩት ሁሉም እኩል ግማሽ ድምፅ ወርደዋል። ዘፋኟን ጠራቻት።

«የኔ ልጅ፣ ዛሬ ትንሽ ዝቅ አድርገሽ ነው የምትዘፍኚው።»

«እትዬ፣ ፈራሁ።»

«አትፍሪ። እኔን ብቻ እይ፤ መግቢያሽን በራሴ እነቀንቅልሻለሁ።»

ከዚያ ወደ ወንድሟ ዞረች። የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ አንድ እፍኝ ምስማር ጨምራ ሰጠችው። «ጋሼ፣ አንተ ደግሞ ዝናብ ነህ።»

መጋረጃው በሰዓቱ ተከፈተ። ድዳዎቹ ቁልፎች ሲመጡ እትዬ ከፍ ወይ ዝቅ እያለች አለፈቻቸው። ጋሼ ከመጋረጃው ጀርባ በሙሉ ልቡ ዘነበ፤ እንዲያውም ዝናቡ የሚያባራበት ትዕይንት ደርሶም አላቆም አለ። መድረክ ላይ ያለው ተዋናይ ወደ ላይ አንጋጦ «የዛሬው ዝናብስ ይሉኝታም የለው!» ሲል አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። የስንብቱ ዘፈን ሲደርስ ግን ያለ ቫዮሊን፣ በፒያኖ ብቻ፣ የዘፋኟ ድምፅ ወርዶና ወፍሮ ወጣ። የሚያስል እንኳ አልነበረም። ሲያልቅ ሕዝቡ ከወንበሩ ተነሥቶ አጨበጨበ።

ጋሼ በማግስቱ ከሥራ ቀርቶ ላፕቶፑን ወደ ድሮው መለሰላት። ይቅርታ ሊጠይቅ አፉን ሲከፍት «ዝናብህ ጥሩ ነበር» ብላ ዘጋችው።

ተውኔቱ ከወር በኋላ አበቃ። በማግስቱ እትዬ ወንድሟን ጠርታ ላፕቶፑ ላይ ያላትን ሁሉ ወደ ሌላ ዲስክ ገለበጠች። የሳጥኗ ሠሪዎች ለአዲሱ ሥርዓት የሚሆን ፕሮግራም ማውጣታቸውን አረጋገጠች፤ ከዚያ «ልታደስ?» ሲላት በራሷ ጣት «እሺ» አለችው።

«አልፈራሽም?» አላት ጋሼ።

«ምን ያስፈራኛል? ነገ ትርኢት የለብኝ!»