ሀምበሪቾን በሸክም መንገድ

ቅዳሜ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ከሆሳዕና መናኸሪያ ስንነሳ፣ ቀኝ ጉልበቴ በሁለት ቀጫጭን እንጨቶች መካከል በፋሻ ተጠፍሮ ነበር። ጉልበቴ ጤነኛ ነው። ለምን እንደታሰረ ላስረዳ፤ ማስረዳት ሥራዬ ነውና።

በሆሳዕና ከተማ የዘጠነኛ ክፍል የጂኦግራፊ መምህር ነኝ። ከስፖርት መምህሩ ከታደለ ጋር የእግር ጉዞ ክበቡን አስተባብራለሁ። ክበቡ ሠላሳ ሁለት ልጆች አሉት፤ በዓመት አንድ ትልቅ ጉዞ እንወጣለን። የዘንድሮው መድረሻ በአንጋጫና በዱራሜ መካከል ያለው የሀምበሪቾ ተራራ ነው። ርዕሰ መምህራችን ፈቃዱን በአንድ ቅድመ ሁኔታ አሰሩት፦ “መጀመሪያ ራሳችሁ ሂዱበት። አንድ መንገድ ምረጡና ሰኞ ጠዋት ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጡልኝ። አለበለዚያ ጉዞ የለም።”

ሁለተኛው ቅድመ ሁኔታ የመጣው ከማርታ ነው። ማርታ ተማሪዬ ናት። ከሁለት ዓመት በፊት የተሳፈረችበት ባጃጅ ተገልብጦ ጉልበቷ ተጎዳ፤ ከዚያ ወዲህ ቀኝ እግሯ አይታጠፍም፣ የምትሄደውም በከዘራ ነው። አምና እኛ ስንወጣ እሷ ከተራራ ስር ተቀምጣ የሁላችንን ቦርሳ ጠበቀች። ዘንድሮ የመመዝገቢያው ወረቀት ሲለጠፍ መምህራን ክፍል ድረስ መጣች።

“ቲቸር፣ ልመዝገብ ወይስ ልተወው?”

“ተመዝገቢ እንጂ!”

“ቦርሳ ለመጠበቅ ከሆነ ይቅርብኝ። ከጓደኞቼ ጋር የምሄድበት መንገድ ካለ ይንገሩኝ። ከሌለም ይንገሩኝ፤ አልቀየምም።”

ሰኞ መልስ እሰጥሻለሁ አልኳት። መልሱን በግምት መስጠት ግን አልፈለግኩም። በእሷ ጉልበት ልሄድበት ወሰንኩ። አስተሳሰሩን ዓርብ ከትምህርት በኋላ ያሳየችኝ ራሷ ማርታ ናት። ፋሻውን አጥብቃ ከቋጠረች በኋላ “በሉ አሁን የትምህርት ቤቱን ደረጃ ይውጡ” ብላ እስኪደክማት ሳቀች።

ሦስቱ ዓይነቶች

ከመሄዳችን በፊት መንገዶቹን በደብተሬ ላይ በሦስት ከፍዬ ነበር። የመጀመሪያው “ደርሶ መልስ” ነው፤ በወጡበት መመለስ። ሁለተኛው “ቀለበት” ነው፤ ተራራውን ዞሮ ከተነሱበት ቦታ መግጠም። ሦስተኛውን “መሄጃ ብቻ” አልኩት፤ አንድ ቦታ ተነስቶ ሌላ ቦታ መጨረስ። ሦስተኛውን ገና ቤቴ ሳለሁ ሰርዤዋለሁ፤ መኪና ሌላ ጫፍ ላይ እንዲጠብቅ ማድረግ ራስ ምታት ነው ብዬ። ልቤ ያለው ቀለበቱ ላይ ነበር። ያዩትን ድጋሚ አያዩም፣ ወረቀት ላይም ሲያምር!

ከአንጋጫ እስከ ደረጃው

እስከ አንጋጫ በሚኒባስ ለእያንዳንዳችን አንድ መቶ ሠላሳ ብር ከፈልን። ረዳቱ እግሬን አይቶ ከሾፌሩ ጎን የተቀመጠውን ሰውዬ ወደ ኋላ አዛወረልኝ። እውነቱን ልናገር ስል ታደለ ክርኑን ጎኔ ውስጥ ሰነቀረ።

“ዝም በይ ምስሬ፤ ይሄ እንጨት መልካም ወንበር አስገኘልን።”

አንጋጫ ላይ ቆጮ በጎመንና በአይብ በላን፤ ሻይን ጨምሮ ለሁለታችን ሁለት መቶ ስልሳ ብር። ከዚያ በባጃጅ እስከ ተራራው ግርጌ። ሰማዩ ጠርቷል፤ ሌሊት የዘነበው ዝናብ ግን በየእንሰቱ ቅጠል ላይ ገና አልደረቀም።

ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ እስከ ጫፉ የሚያደርሰውንና ሰባት መቶ ሰባ ሰባት ነው የሚባለውን ደረጃ ጀመርን። ደረጃው የደርሶ መልስ መንገድ ዓይነተኛ ምሳሌ ነው። መንገድ አይጠፋም፤ የደከመው ካለበት ይመለሳል። እኔ ግራ እግሬን አስቀድሜ ቀኙን እየጎተትኩ ሁለት መቶ አሥራ አራት ቆጠርኩና ተቀመጥኩ። ታደለ “መጣሁ” ብሎ ወደ ላይ ጠፋ።

አንድ ሰዓት ከሩብ ጠበቅኩት። የሚወጣውም የሚወርደውም “አይዞሽ” ይለኛል። መጀመሪያ ደስ አለኝ፤ በሃያኛው አይዞሽ ላይ ግን የማርታ የአምናው ፊት ታየኝ። ደረጃው ሰውን ይለያል፤ ብርቱውን ወደ ላይ፣ ሌላውን እዚያው። ታደለ እያለከለከ ሲመለስ “ሰባት መቶ ሰማንያ አንድ ነው የቆጠርኩት” አለኝ።

“አራቱ ከየት መጡ?”

“እኔ እንጃ፣ አንቺ ሂሳብ ታውቂ የለ!”

ደብተሬ ላይ ደርሶ መልስን ሰረዝኩ።

ቀለበቱ

አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ከግርጌው በስተጎን በምትወጣው ቀጭን መንገድ ቀለበቱን ጀመርን። የመጀመሪያው ሰዓት ግሩም ነበር። በእንሰትና በባህር ዛፍ መካከል አልፈን ገብስና ባቄላ ከተዘራበት ትከሻ ላይ ወጣን። ከታች በዱራሜ በኩል የቆርቆሮ ጣሪያዎች ያብረቀርቃሉ። መንገዱ ደልደል ያለ ስለሆነ የታሰረው እግሬም ብዙ አላስቸገረኝም። ታደለን “አላልኩህም?” አልኩት።

አጋማሹ ላይ መንገዱ ወደ ገደላማ ሸለቆ ዞረ። ቁልቁለቱ ቀይ ጭቃ ነው። ሁለት እርምጃ እንደወረድኩ እግሬ አልታጠፍ ብሎኝ ተንሸራተትኩና በመቀመጫዬ አረፍኩ። ያኔ የቀለበት ጉድለት ገባኝ። አጋማሹ ላይ ቢቆጭህ መመለሱም መቀጠሉም እኩል ነው። ማርታ እዚህ ብትሆን ምን አደርግ ነበር? ሠላሳ አንዱን ልጅ አቁሜ እሷን በጀርባ ላዝላት? ያንን ከምታይ ቦርሳ ብትጠብቅ ትመርጣለች።

ታደለ የታችኛውን ሊያይ ሲወርድ ከበላዬ ድምፅ ሰማሁ።

“አንቺ! በዚያ አትውረጂ! ማን በዚያ ውረጂ አለሽ?”

ቀና ስል ሃምሳዎቹን ያለፉ ሴት በጀርባቸው ትልቅ ሸክም አዝለው ቆመዋል። በኋላ እንዳወቅኩት ስማቸው እትዬ ከድጃ ነው፤ ቆጮ በእንሰት ቅጠል ጠቅልለው ወደ ገበያ እየወሰዱ ነበር።

“ካርታው በዚህ ነው የሚለው” አልኳቸው።

“ካርታሽ ተሸክሞ ያውቃል?”

ካርታውን አጥፌ ኪሴ ከተትኩ።

“ነይ ልጄ፣ ተነሺ። በዚህ እግርሽ የፍየል መንገድ ምን አስያዘሽ? በሸክም መንገድ ነይ፤ ገበያ ድረስ ይወስድሻል። ያንንም ረጅሙን ሰውዬ ጥሪው፣ እግሩ ሳይሰበር።”

የሸክም መንገድ

የሸክም መንገድ የምትባለው ከኛ ቀለበት ሃምሳ ሜትር ያህል ከፍ ብላ ታልፋለች። ካርታዬ ላይ የለችም። ከላይ መኪና ከሚደርስበት መንደር ተነስታ እስከ ገበያው አስፋልት ትወርዳለች፤ ያውም ሳትቸኩል፣ ተዳፋቱን ወደ ጎን እየቆረጠች። ትረዝማለች፤ ግን አንድም ቦታ ላይ ጉልበቴን ማጠፍ አላስፈለገኝም። በጀርባዋ ሰላሳ ኪሎ ያዘለች ሴት ከፍ ያለ እርምጃ መርገጥ አትችልም፤ መንገዱን በእግራቸው የሠሩት እነሱ ናቸው።

ጥቂት እንደሄድን ወገብ ድረስ ከፍ ያለ የአፈር መደብ አገኘን። እትዬ ከድጃ ጀርባቸውን ሰጥተው ሸክሙን ሳይፈቱ መደቡ ላይ አሳረፉት፤ ገመዱ ላላ፣ እሳቸውም ተነፈሱ።

“ለምን አያወርዱትም?”

“ካወረድኩት ማን ያነሳልኛል?”

ታደለ ውሃ ጠጣና ለመሄድ ተነሳ።

“ወንድሜ፣ ቁጭ በል” አሉት እትዬ ከድጃ። “አበበች ከኋላ ናት።”

አበበች ጎረቤታቸው ናቸው፤ በዕድሜ ይበልጧቸዋል፣ የሸክላ ድስት ተሸክመዋል። ቀስ እያሉ መጡ። ታደለ እንደገና ተነሳ።

“ይኸው ደረሱ፤ እንሂዳ።”

“ደርሳለች፤ መቼ አረፈች?”

ታደለ ተቀመጠ። እትዬ አበበች ሸክላቸውን መደቡ ላይ አስደግፈው “ጌታ ይመስገን” አሉ፤ ላባቸውን ጠረጉ፤ ስለ ልጃቸው ሠርግ ትንሽ አወሩ። ከቆይታ በኋላ “እንነሳ” አሉ። ሁሉም ተነሳ።

ሁለተኛው መደብ ላይም እንዲሁ ሆነ። ጠየቅኩ። ገበያ አብረው የሚወርዱ ሴቶች ልማዳቸው ነው፤ ማረፊያው ላይ መጨረሻ የደረሰችው ናት “እንነሳ” የምትለው። ሌላዋ ብትቸኩልም አፏን ይዛ ትጠብቃለች።

“እሷ ስትደርስ እኛ ከተነሳን እኮ” አሉኝ እትዬ ከድጃ፣ “እኛ ስድስት ጊዜ እናርፋለን፣ እሷ አንድም ጊዜ አታርፍም።”

ደነገጥኩ። አራት ዓመት ሙሉ ክበቡን የመራሁት በዚያ መንገድ ነው። ፈጣኖቹ ቀድመው ይደርሳሉ፣ ያርፋሉ፣ ይቀልዳሉ፤ መጨረሻው ልጅ ብቅ ሲል “ተሟላን፣ እንቀጥል!” እላለሁ። ትንፋሽ በጣም የሚያስፈልገውን ልጅ ትንፋሽ ስነፍገው ኖሬያለሁ፤ ያውም ፊሽካ እየነፋሁ።

ሦስተኛው መደብ ላይ ሕሊናዬ አላስቀመጠኝም። ጉልበቴ ጤነኛ መሆኑን፣ የታሰረውም ለማርታ ብዬ መሆኑን ነገርኳቸው። እትዬ አበበች በሳቅ ድስታቸውን ሊጥሉ ደረሱ።

“አታላይ! እኔ ደግሞ ከመደብ መደብ ስጸልይልሽ!”

አፍሬ ፋሻውን ልፈታ ጎንበስ ስል እትዬ ከድጃ እጄን ያዙኝ።

“አትፍቺው። የልጅቷን ጉልበት አይደል የተሸከምሽው? ገበያ አድርሺው።”

አልፈታሁትም። ስድስቱንም ማረፊያ ቆጠርኩ፤ በመካከላቸው ያለውን ደቂቃ መዘገብኩ። ከአራተኛው በኋላ መጨረሻ የምደርሰው እኔ ሆንኩ። “እንነሳ” የማለት ተራ ሲደርሰኝ ቶሎ ልለው ቃጣኝ። ታደለ ሰዓቱን ያያል፤ ሴቶቹ ግን ስለ ቅቤ ዋጋ እያወሩ ወደ እኔ እንኳ አልዞሩም። እስክጠግብ አረፍኩ። ከጠዋት ጀምሮ “አይዞሽ” ያላለኝ ሰው ያገኘሁት እዚያ ብቻ ነው።

ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ገበያው ገባን። ለውለታቸው ለስላሳ ልጋብዛቸው ብል እትዬ ከድጃ “መጀመሪያ ልሽጥ” ብለው ሕዝቡ ውስጥ ገቡ።

ወደ ቤት

በዱራሜ አድርገን ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ከታደለ ጋር ተከራከርን።

“ምስሬ፣ መንገዱ ጥሩ ነው፤ አልካድኩም። ግን ሀምበሪቾ ድረስ ሄደን ጫፉን ሳንረግጥ? ልጆቹ ምን ይሉናል?”

“ጫፉን ከመረጥን ማርታ ትቀራለች። ሌላ ምርጫ የለም፤ ዛሬ ሁሉንም አይተነዋል።”

“አንድ ልጅ ናት እኮ።”

“ስሟን ጥራና ድገመው።”

አልደገመውም። እሱ በመስኮቱ እያየ አንጋጫን አለፍን። ከዚያ “ጫፉ ላይ ብቻዬን ነበርኩ” አለ። “ሥፍራው ያምራል፤ ግን ‘እዪው!’ የምለው ሰው አጣሁ።” ቀጥሎም “በይ ጻፊው” አለኝ።

አሥራ ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ ቤቴ ገብቼ ፋሻውን ፈታሁ። ጉልበቴ ለመታጠፍ ግማሽ ሰዓት ፈጀበት። ከዚያ ደብተሬን አውጥቼ በሠረዝኩት “መሄጃ ብቻ” ላይ እንደገና ጻፍኩ፦ ከላይኛው መንደር እስከ ገበያው፤ አውቶቡሱ ልጆቹን ከላይ አውርዶ ዞሮ ከታች ይጠብቃል። ራስ ምታት ነው ያልኩት ነገር ሁለት መስመር ጽሑፍ ብቻ ሆነ።

ከጉዞው የተማርኩት ይህን ነው። መንገዶችን በቅርጻቸው መክፈሌ ስህተት አልነበረም፤ ለክፍል ትምህርት ይጠቅማል። ስህተቴ ምርጫውን ከቅርጹ መጀመሬ ነው። መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት መጨረሻ የሚደርሰው ማን እንደሆነ ነው፤ ቅርጹ ከዚያ በኋላ ራሱ ይመጣል።

ሰኞ ጠዋት ርዕሰ መምህሩ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበቡት።

“ጫፍ የለውም?”

“የለውም።”

“ልጆቹ ያጉረመርማሉ።”

“ስድስት ማረፊያ አለ፤ እዚያ ሆነው ያጉረምርሙ።”

ፈገግ ብለው ፈረሙ። በእረፍት ሰዓት ማርታን ጠርቼ ሁሉንም ነገርኳት፤ ጫፉን እንደማንወጣ፣ ማረፊያዎቹን፣ የሴቶቹን ልማድ። ከዘራዋን አገጯ ስር አድርጋ እስከ መጨረሻው አዳመጠችኝ።

“ቆይ ቲቸር። እኔ መጨረሻ ነው የምደርሰው።”

“ሊሆን ይችላል።”

“እኔ ‘እንነሳ’ ካላልኩ ማንም አይነሳም?”

“ማንም።”

“ቲቸር ታደለም?”

“ቲቸር ታደለም።”

ፊቷ በሙሉ ሳቀ።

“እንግዲያው ምሳ በደንብ ያዙ በሏቸው” አለችና የመመዝገቢያውን ወረቀት ተቀብላኝ ስሟን ጻፈች።